ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፦ ሥራው አለ፣ የጠፋው መጠበቂያው ነው

ሰኞ፣ ደብረ ብርሃን

ሚኒባሱ ለገጣፎን እንዳለፈ ሾፌሩ የኤሌክትሪክ መኪና ወሬ ጀመረ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ መኪና ላይ የተሰባሰበ ሰው ሁሉ የሚያወራው ይኸንኑ ሆኗል። «እሺ ገዛሁ እንበል፤ ሸኖ ላይ ቆሞ ቢቀርብኝ ማን ይነካልኛል?» አለ። ጋቢና የተቀመጡት ሰውዬ ልጃቸው አውቶ መካኒክ ተምሮ መጨረሱን ነገሩት። «በምን መኪና ነው የተማረው?» «በምን ይማራል፣ በአሮጌ ቶዮታ ነዋ!» ተሳፋሪው ሳቀ። ሰውዬው ግን አልሳቁም። ልጃቸው ቤት ከተቀመጠ መቆየቱን በኋላ ነገሩን።

እኔ አዲስ አበባ የምተዳደረው የፕሮጀክት ሪፖርት እያረምኩ ነው። አገሪቱ በ2004 ዓ.ም. የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂዋን ይፋ ካደረገች ጀምሮ በእጄ ያለፈው ሪፖርት ሁሉ «አረንጓዴ የሥራ ዕድል» የሚል ነገር አያጣም። ቁጥሩ ይጻፋል፤ «ወጣቶችና ሴቶች ተጠቃሚ ሆነዋል» ይባላል፤ እኔ ነጠላ ሰረዙን አስተካክዬ እመልሳለሁ። ተጠቃሚ የሆነውን ሰው ግን አንድም ቀን አግኝቼው አላውቅም። የአክስቴ ልጅ ደግሞ በተፈጥሮ ሀብት አስተዳደር ተመርቃ ደብረ ብርሃን ሥራ ስትፈልግ ከርማለች። ጥምቀት እንዳለፈ መሐል ሜዳ ወላጆቿ ዘንድ እንደምትሄድ ስትነግረኝ፣ መንገዱ ሰላም መሆኑን በስልክ አጣርተን አብረን ለመሄድ ተስማማን። እግረ መንገዳችንን ቆም እያልን ሥራው የት እንዳለ ልናይ ነው።

መናኸሪያ ጠበቀችኝ። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ነጠላዋን አፏ ድረስ ተከናንባ በብብቷ ክላሰር ይዛለች። ያ ክላሰር ከእጇ አይለይም። ዲግሪው፣ የውጤት ማስረጃው፣ የብቃት ምዘና ወረቀቱ፣ የቀበሌ መታወቂያው፣ የሥራ ፈላጊ ካርዱ፣ ሁሉም ኦሪጅናሉ ከፊት፣ አምስት አምስት ኮፒው ከኋላ። ኮፒ ቤቱ ዋጋ በጨመረ ቁጥር የምታመለክትበትን መሥሪያ ቤት እንደምትቀንስ ነገረችኝ።

ማስታወቂያ ሰሌዳ ወደተለጠፈበት አጥር ወሰደችኝ። አንድ የተፋሰስ ልማት ፕሮጀክት ባለሙያ ይፈልጋል። የትምህርት ዝግጅቱ ልክ የእሷ ነው። የሥራ ልምድ 2 ዓመት። ከሥር «የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ ያለው/ያላት»፣ ከዚያም ሥር «ሴት አመልካቾች ይበረታታሉ» ይላል።

«መበረታታቱን ተበረታትቻለሁ፤ መንጃ ፈቃዱን ማን ያወጣልኛል?» አለች።

በመስኩ የሚሠራ ሰው በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ መዞሩ ግድ ስለሆነ ጥያቄው አግባብ የለውም ማለት አይቻልም። ግን እስቲ አስቡት፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ገንዘብ ለማግኘት ሥራ፣ ሥራ ለማግኘት መንጃ ፈቃድ። «ዜሮ ዓመት» የሚል ማስታወቂያ ሲወጣ ደግሞ ሰልፉ የቴሌን ጥግ ይዞራል።

ማክሰኞ፣ አንዲት ጥድ

ጉዶ በረትን አልፈን ወረድን። አንዲት ጥድ በዋናው መንገድ ዳር ያለች፣ ነፋስ የማይለያት ደጋ ናት። ስሟን የሚያውቃት ግን የአገሬው ሰው ብቻ አይደለም። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ በጋራ ያቋቋሙት የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እዚህ አለ። ስለ ደጋ አፈር መሸርሸር በዓለም ላይ የተጻፈ ነገር ሲገለበጥ የአንዲት ጥድ ስም ብቅ ማለቱ አይቀርም።

የዝናብ መለኪያውንና የወንዙን መለኪያ የሚያነብ አንድ ሰው አገኘን። እንዴት እንደሚሠራ አስረዳን። ክረምት ላይ ጎርፉ ቡናማ መሆን ሲጀምር ጠርሙስ ይዞ ይወርዳል፤ በየጥቂቱ ደቂቃ አንድ አንድ ሊትር ይቀዳል፤ ውኃው እስኪጠራ ድረስ አያቆምም። ሌሊትም ቢሆን፣ በረዶም ቢጥል ያው ነው። ደለሉ ተጣርቶ፣ ደርቆ ይመዘናል። ስንት አፈር ከዚህ ተራራ እንደሄደ የሚታወቀው በዚህ ነው።

«በዚህ ውኃ ስንቱ ዶክተር ሆኗል መሰለህ!» አለኝ እየሳቀ። «እኔ ያው ጠርሙሴን ይዤ አለሁ።»

የአክስቴ ልጅ እንዲህ ያለ ቦታ እንዴት እንደሚገባ ጠየቀችው። ትንሽ አሰበና፣ እዚህ ሥራ የያዘ ሰው በቀላሉ እንደማይለቅ፣ ቦታ የሚከፈተው ሰው ጡረታ ሲወጣ ወይም ሲሞት መሆኑን ነገራት። ክፋት የለበትም፣ እውነቱን ነው። እኔ ያየሁት ቋሚ ደመወዝ ያለው አረንጓዴ ሥራ ይኸ ነው፤ ቋሚ ስለሆነም በሩ ጠባብ ነው።

ማዶ ተዳፋቱ ላይ ሕዝብ ሰፍሮበታል። ጥር የእርከን ወር ነው፤ መኸሩ ተሰብስቦ የበልግ ዘር እስኪጀመር ባለው ጊዜ ገበሬው በዘመቻ እየወጣ አፈርና ውኃ ጥበቃ ይሠራል። ክፍያ የለውም፣ «የሕዝብ ተሳትፎ» ነው። ቀርበን አየን። ሁለት ቀያሽ ገበሬዎች ልክ የተሰፈረባቸው ሁለት ዘንጎች ይዘዋል፤ በመሃል ሲባጎ ተወጥሯል፤ ሲባጎው መካከል ላይ ውኃ ልክ ተንጠልጥሏል። አንደኛው ዘንጉን ተክሎ ይቆማል፤ ሁለተኛው ወደ ላይ ወደ ታች ይላል፤ መሃል የቆመው ልጅ የውኃ ልኩ ውስጥ ያለችው አረፋ መሃል ላይ ስትቆም «ቁም!» ይላል። እዚያ ላይ ድንጋይ ይደረጋል። ከዚያ ቀጣዩ። መስመሩ የተራራውን ወገብ ይዞ ይዞራል፤ ከኋላ ዶማና አካፋ ይከተላል።

ውኃ ልኩን የሚያነበው ልጅ ተሳስቶ ነበርና የአክስቴ ልጅ ዝም ማለት አልቻለችም። ክላሰሩን ለእኔ ሰጥታ ገባችና ሲባጎውን አጠበቀች፤ ሲባጎ ከረገበ አረፋዋ ትዋሻለች። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ መጥታ የት እንደተማረች ጠየቀቻት፤ ተሳሳቁ፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ልጆች ናቸው። አንዷ ተቀጥራ፣ አንዷ ክላሰር ይዛ። ልዩነታቸው የተመረቁበት ዓመት ነው፤ ያቺኛዋ መቀጠር በነበረበት ጊዜ ወጣች፣ የእኔዋ በጀት ተዘጋ ከተባለ በኋላ።

ከገበሬዎቹ መካከል አንድ ሽማግሌ፣ «ይኸን ሁሉ ድንጋይ ስናግዝ ሥራ አትሉትም፤ እሷ ወረቀት ላይ ስትጽፈው ነው ሥራ የሚሆነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። በሴፍቲኔት የታቀፉት ወረዳዎች እንዲህ ላለው ጉልበት እህል ወይም ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ፕሮግራሙ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። ያኔም ቢሆን ክፍያው የሚታሰበው የምግብ ክፍተት መሸፈኛ ተብሎ ነው እንጂ የሥራ ደመወዝ ተብሎ አይደለም።

ማታ በጣርማበር ዋሻ አልፈን ደብረ ሲና አደርን። ያንን ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ነው። ከላይ በጉም ገብታችሁ ከታች በፀሐይ ትወጣላችሁ፤ ወይም እንደ ዕድላችሁ በተቃራኒው።

ረቡዕ፣ ከደብረ ሲና በታች

የወፍ ዋሻ ደን ከደብረ ሲና ይታያል፤ ገደሉን ተለጥፎ የቀረ የጽድ፣ የዝግባ፣ የወይራና የኮሶ ደን። በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ከዚህ ዘር ተወስዶ መናገሻ ተተከለ እየተባለ ይነገራል። እንግዲህ በአገራችን ደን መትከል የሐምሌ ወሬ ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

የሄድነው ግን ደኑ ውስጥ ሳይሆን ግርጌው ያለ ችግኝ ጣቢያ ነው። ሴቶች መሬት ተቀምጠው በጥቁር ፕላስቲክ አፈር ይሞላሉ። የደን አፈር፣ ፍግና አሸዋ ተቀላቅሏል። ፕላስቲኩን በሁለት ጣት ከፈት፣ በቆርቆሮ ጣሳ ጨመር፣ ሁለቴ መሬት ላይ ጠቅ፣ ደግሞ ጨመር፣ አፉን በአውራ ጣት ጠበቅ፣ መደቡ ላይ ማቆም። ሳያዩ ነው የሚሠሩት፤ ወሬያቸውም አይቋረጥም። ጠቅ ያልተደረገ አፈር ውኃ ሲነካው ይሰምጥና የችግኙ ሥር ይጣመማል። ክፍያው በሞሉት ብዛት ነው።

«ችግኙ ሐምሌ ይወጣል፤ እኛም አብረን እንወጣለን» አሉኝ አንዲት እናት፤ ሌሎቹ ሳቁ። ከጥር እስከ ሰኔ ሥራ አለ። ከዚያ እስከሚቀጥለው ጥር የለም። በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ 22 ቀን በአገር ደረጃ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ የተባለ ጊዜ እኔም በአዲስ አበባ ቲሸርት ለብሼ ሁለት ችግኝ ተክያለሁ። ፕላስቲኩን ማን እንደሞላው ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

እኚህ እናት ሌላም ነገር ነገሩን። አንድ ጊዜ ራሳቸው ጣቢያ ከፍተው እንዲሸጡ ተደራጅተው ነበር። ባሕር ዛፍ ቢሆን ቶሎ ይሸጣል፤ ገዢው የሚፈልገው እሱን ነው፤ የሚያደራጃቸው መሥሪያ ቤት ግን አገር በቀል ካልሆነ አለ። ጽድ ችግኙ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ፈላጊው ደግሞ መንግሥት ብቻ ነው፤ መንግሥት የሚገዛው በጀት ሲለቀቅ ነው። «በመሃል ልጆቹ ምን ይብሉ? ጽዱን አይበሉት!»

ከዚያ ወዲያ ይኸ ነገር ከአእምሮዬ አልጠፋም። አረንጓዴ የሚባለው ሥራ ሁሉ የሚከፍለው ዘግይቶ ነው። ዛፉ ዓመታት ይፈልጋል፣ እርከኑ ዓመታት፣ ብድሩ ወራት፣ ለተደራጁት የሚሰጠው የመሥሪያ ሼድ ደግሞ ወንበር ላይ ያለው ባለሥልጣን እስኪቀየር። ስለዚህ በሩን የሚያልፈው ጎበዙ ወይም የተማረው ሳይሆን ከኋላው ደጋፊ ኖሮት መጠበቅ የሚችለው ነው። ሪፖርቶቹ የሥልጠና ብዛት ይቆጥራሉ፤ ሠልጣኙ ከሥልጠናው እስከ መጀመሪያው ገቢ ድረስ ምን በልቶ እንደከረመ የሚጠይቅ ሰንጠረዥ ግን እኔ አላየሁም።

ሐሙስ፣ ሸዋ ሮቢት

ቆላው ቶሎ ወሰደን። ጃኬት አውልቀን በቲሸርት ቀረን። ማሾና ሽንኩርት፣ የመስኖ ቦይ፣ የነዳጅ ፓምፕ ድምፅ። ነዳጅ ሲወደድ ወይም ሲጠፋ የሚደርቀው ሽንኩርቱ ነው፤ ስለዚህ የሶላር ፓምፕ ወሬ እዚህ የቅንጦት አይደለም።

ስልክ የሚጠግን አንድ ልጅ ሱቅ ተቀምጠን ሻይ ጠጣን። የሶላር መብራትም፣ ባትሪም፣ የቴሌቪዥን ሪሲቨርም ይጠግናል። የሶላር ፓምፕ ሲበላሽ ገበሬው መጀመሪያ የሚመጣው እሱ ጋ ነው፤ ግን መቆጣጠሪያ ሳጥኑ ላይ የዋስትና ማኅተም ተለጥፏል። ከተከፈተ ዋስትናው ይሰረዛል። ቴክኒሻኑ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ውኃው ይቆማል። «ፊውዝ ነው ብዬ እያወቅኩ አልነካውም» አለ። ወረቀት ለማግኘት ለብቃት ምዘና ቢቀርብስ? ሱቁን ዘግቶ ሄዶ ወረፋ መጠበቅ አለበት። የሱቁን ኪራይ ቀኑ ሲደርስ ማን ይከፍላል? ያው ነገር በሌላ ልብስ።

ሌላው የሸዋ ሮቢት ነገር ሙቀቱ ነው፤ ስለ እሱ የሚጻፍ የለኝም።

ዓርብ፣ በመዘዞ ወደ ጓሳ

ተመልሰን ወደ ላይ። ከጣርማበር ወደ መንዝ የሚገነጠለው መንገድ የገደሉን አፋፍ ይዞ ይሄዳል፤ በስተቀኝ ያለው ቆላ አንዳንዴ ይታያል፣ አንዳንዴ ጉም ይሸፍነዋል። መዘዞ ላይ በዓርብ ሽሮ ምሳ በላን። ከዚያ ወዲያ ዛፍ እየጠፋ፣ የውርጭ አገር ዕፅዋት የሆኑት አስታና ጅብራ እየበዙ፣ ነፋሱ እየበረታ መጣ።

ጓሳን ላላየ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሣር አገር ነው። ሣሩ ራሱ ጓሳ ይባላል። ጭላዳ በመንጋ ተቀምጦ ይነጫል፤ ቀይ ቀበሮ አይጥ ያድናል። ከዚህ የሚወጣው ውኃ ግማሹ ወደ አባይ፣ ግማሹ ወደ አዋሽ ይወርዳል።

ለእኔ ግን የሚገርመው እንስሳቱ አይደሉም። መንዞች ይኸን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ሲጠብቁት ኖረዋል። የአስቦና የጌራ ዘሮች ነን የሚሉ ባለ ርስቶች አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣሉ፤ እሱ ዝጉ ሲል ይዘጋል፤ ሦስትም አምስትም ዓመት ሰው ሣር አያጭድበትም፣ ከብት አያስገባበትም። ሣሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል፤ ያኔ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ለቤት ክዳን፣ ለገመድ፣ ለመኝታ፣ ዝናብ ለሚከለክለው ጌሳ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር ሥርዓቱም አብሮ ፈረሰ። በኋላ ማኅበረሰቡ በቀበሌ ተወካዮች በኩል አዲስ መተዳደሪያ አወጣ፤ ዛሬ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥበቃ ቦታ ነው፤ ጠባቂዎች አሉት፣ የእንግዳ ማረፊያም አለ።

ማረፊያው አጠገብ እሳት እየሞቅን አንድ አባት አጫወቱኝ። ልጅ ሳሉ ተዘግቶ የተከፈተበትን ዓመት ያስታውሳሉ።

«አባባ፣ አምስት ዓመት ሲዘጋ ሣር የሌለው ሰው እንዴት ይችል ነበር?» አልኳቸው።

«ሁሉም የለውማ! አንዱ ቢኖረው አንዱ ባይኖረው መች ይጠበቅ ነበር። ሀብታሙም ያለ ሣር ያድራል፣ ድኻውም ያለ ሣር ያድራል። የጣሰ ቤቱ ይቃጠልበታል። አሁን እኮ ጠብቁ የምትሉት ድኻውን ብቻ ነው።»

ርስት የሌለው ሰው በዚያ ሥርዓት ምን እንደነበረው ጠየቅኳቸው። ዝም ብለው ጉማጁን አስጠጉ። አንዳንዱ ሰው የድሮውን ሲያወድስ የሚዘለው ገጽ አለ፤ እሳቸውም ዘለሉት፤ ጥያቄዬን ግን እንደ ብልግና አልቆጠሩብኝም።

በዝተት ተጠቅልለን አደርን። የመንዝ በግ ፀጉር የተፈተለበት ዝተት ባይኖር ኖሮ ይኸን ማስታወሻ የሚጽፍ ጣት አይተርፈኝም ነበር።

ቅዳሜ፣ መሐል ሜዳ

ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተኝቶ ነበር። ከጠባቂዎቹ አንዱ ጋር ትንሽ ሄድን። ተረኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በእግሩ ይዞራል፣ ያየውን ቀበሮና ያገኘውን የተቆረጠ አስታ ይመዘግባል። የአክስቴ ልጅ መዝገቡን አይታ ወደደችው፤ ንፁህ ነው። እንግዳ ሲመጣ መሪ፣ ምግብ አብሳይ፣ በቅሎ አከራይ ሁሉም ይሠራሉ፤ መንገድ ሲዘጋና እንግዳ ሲቀር ግን እነሱም ይቀራሉ። የጠባቂውን ሥራ ለማግኘት የቀበሌው ተወላጅ መሆን ግድ ነው። ዲግሪ አያስፈልግም። እሷ መሐል ሜዳ ብትወለድም ቀበሌዋ ጓሳን ከሚጠብቁት አይደለም። «እዚህ ደግሞ ትምህርቴ በዛ!» አለች።

ከሰዓት መሐል ሜዳ ገባን። አክስቴ ጠላ ቀድተው፣ ዶሮ አርደው ጠበቁን። ከምሳ በኋላ ጎረቤት ያለውን የምድጃ ማኅበር ሊያሳዩን ወሰዱን፤ እኔ የመጣሁበትም ዋናው ነገር እዚህ ነው የገጠመኝ።

በመንዝ ማገዶ ማለት ኩበት ነው። እርሻ ላይ መዋል የነበረበት ፍግ እሳት ውስጥ ይገባል፤ ካልሆነም አስታ ከጓሳ ይቆረጣል። እንጀራ መጋገሪያው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቆጥባል። የ2004ቱ ስትራቴጂ ካሰባቸው ነገሮች አንዱ በጥቂት ዓመታት 9 ሚሊዮን ምድጃ ማሰራጨት ነበር። ታዲያ የሚሠራው ማን ነው? እነዚህ ናቸው።

አራት ሴቶች ናቸው። ግቢው ውስጥ ቆርቆሮ ክዳን ሥር የብረት ሻጋታዎች ተደርድረዋል። ሲሚንቶና ከሩቅ በመኪና የመጣ ቀይ አሸዋ በአካፋ ይቀላቀላል፤ ውኃው ብዙ መሆን የለበትም፤ በእጅ ሲጨበጥ ሳይፈስ ቅርጹን መያዝ አለበት። አንዷ ጨበጥ አድርጋ አሳየችኝ፤ መዳፏ ላይ የጣቶቿ ምልክት ቀረ። ሻጋታው ውስጥ ያስገቡና በዱላ ይጠቀጥቁታል። አራት ቁራጭ ተጋጥሞ ምጣዱን የሚሸከመውን ክብ ይሠራል፤ ሁለት ቁራጭ ከኋላ ይቆምና በሚወጣው ሙቀት ድስት ይጣድበታል። ከዚያ ቀናት ሙሉ ውኃ እያጠጡ ያደርቁታል። ቸኩሎ የሸጠ ምድጃው ተሰንጥቆ ይመለስበታል።

«በአሥር ነበር የተደራጀነው» አለች ሰብሳቢዋ። «ሼዱ እስኪሰጠን ሦስቱ ሄዱ። ብድሩ እስኪለቀቅ ደግሞ ሦስቱ። ቆጥባችሁ አምጡ ተባልን፣ ቆጠብን። የቀረነው ባል ወይ በግ ያለን ነን።»

ያቺን አባባል ሪፖርት ውስጥ ባገኛት ኖሮ ሰርዤ «አቅም ያላቸው አባላት» ብዬ ባረምኳት ነበር።

የአክስቴ ልጅ ክላሰሯን ከፍታ የተጻፈባቸውን ገጾች ገለል አደረገችና ባዶ ወረቀት አወጣች። አንድ ምድጃ ስንት ሲሚንቶ ይበላል? አሸዋው ከነማመላለሻው? ሻጋታው ሲያረጅ? ምድጃውን ወደ ገጠር የሚወስደው አህያ? ሴቶቹ እየተደማመጡ መለሱ፤ በአሸዋው ላይ ትንሽ ተጨቃጨቁ። ደመረችና የሚሸጡበትን ዋጋ ጠየቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ «የእናንተስ ቀን?» አለች።

«የቱ ቀን?»

«የሠራችሁበት። አራት ሰው፣ እነዚህን ሁሉ ቀናት። እዚህ አልገባም።»

ዝምታ ሆነ፣ ከዚያ ሁሉም በአንዴ ማውራት ጀመሩ። አንዷ፣ ቤት ቢውሉስ ማን ይከፍላቸው ነበር አለች። ሌላዋ፣ ዕለቱን ለሰው ቤት ልብስ አጥባ ቢሆን ይከፈላት እንደነበር አስታወሰች። ሰብሳቢዋ የጉልበቱ ቢጨመር ዋጋው ምን እንደሚሆን ጠየቀችና ሲነገራት ራሷን ያዘች፤ በዚያ ዋጋ ገጠሬው ሦስት ጉልቻውን አይተውም። ይኸኛው ክርክር ረዘመ። ዋጋውን ሳይጨምሩ የጉልበቱን ግማሽ ወረዳው ወይም ፕሮጀክት እንዲሸፍን የሚጠይቅ ደብዳቤ ቢጻፍስ የሚል ሐሳብ ያመጣችው የአክስቴ ልጅ ነች። ኩበቱ ተቆጥቦ ማሳ ላይ ከዋለ ጥቅሙ የሁሉም ነው፤ ታዲያ ወጪው ለምን የአራት ሴቶች ብቻ ይሆናል?

እንድትገባ ጠየቋት። መዋጮው ጥሬ ገንዘብ ነው። የላትም፤ ቀኑን በሥራ እየከፈለች እስከ ሰኔ ድርሻዋን ትሙላ ተባለ። እሷ ደግሞ እስከ ሰኔ ድረስ የሚከፈላት ጥቂትም ቢሆን ካልኖረ እንደማትችል፣ የእናቷን እህል እየበላች መቆየት እንደማትፈልግ ነገረቻቸው። አክስቴ ከኋላዬ፣ «እህሉን ማን ከለከለሽ?» ብለው ተቆጡ። ሰብሳቢዋ ሣቀችና ለአክስቴ፣ «እትዬ፣ ተዉአት፣ ልክ ነች፤ እነዚያ ስድስቱ እኮ የሄዱት እንዲህ ብለው ነው» አለቻቸው።

በመጨረሻ ከሚሸጠው ከእያንዳንዱ ምድጃ ትንሽ ነገር ለእሷ ሊቆረጥ፣ ቀሪው በድርሻዋ ሊታሰብ ተስማሙ። ውሉን እዚያው ጻፈችው፣ በሁለት ኮፒ። የምድጃውን ዋጋ በተመለከተ ግን ሳይስማሙ መሸ፤ ሰብሳቢዋ ለአንድ ምድጃ አንድ ቀን ብቻ ይታሰብ ትላለች፣ ሌሎቹ ሁለት ቀን።